የሠራው ይቀመጥ

የብሎኬት ነጋዴው ልጅ ቀይ መኪናውን ወደ ጋራዡ ባስገባበት ሰኞ ጠዋት በቦታው የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ጋራዡን ከአባቱ የተረከበው ታላቅ ወንድም፣ ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ፣ እና ብረት የሚበይደው ሠራተኛ፣ ብየዳው። ታላቁን ሁሉም አለቃ ይለዋል። ታናሹን ሁሉም ሚሊ ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ራሱ አለቃ ነው። አንድ ጊዜ ለመጸዳጃ ቤት በር ማጠፊያ ሊሠራ ካሊፐር ይዞ ሲለካ አገኘውና «እስቲ ይሄን ሚሊሜትር ተመልከቱት» አለ። ከዚያ ወዲህ እናታቸው ካልሆነች በቀር በስሙ የሚጠራው ጠፋ። ብየዳው ግን ብየዳው ነው። ሌላ ስም ይኑረው አይኑረው የጠየቀ ሰው የለም።

የመኪናዋ ሞላዎች ተቆርጠው ሆዷ መሬት ሊስም ደርሷል። የፊት ጎማዎቿ ሰፋፊ ስለሆኑ መሪ ሲዞር ጭቃ መከላከያውን ይፈጩታል። ልጁ ጢሙ ለመውጣት ገና የሚያመነታ ነው፤ ሲናገር ግን አገር የገዛ ይመስላል።

«ጎማዎቹ ወደ ውጭ ይውጡልኝ» አለ። «እግሯን አንፈራጣ የቆመች እንድትመስል ነው የምፈልገው።»

«እንደ ጉልበተኛ» አለ አለቃ።

«እንደ ጉልበተኛ።»

ሚሊ መኪናዋ ሥር ገብቶ ነበር። ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያዘውን ብረት፣ እነሱ ክንድ የሚሉትን፣ በጣቱ እየዳሰሰ ቆየና ጭንቅላቱን ብቻ አወጣ።

«የፋብሪካው ክንድ አይረዝም፣ አያጥር። መኪናዋ ሲያወርዷት ክንዱ ባለበት ስለቀረ ነው ጎማዋ የተዛባው። ወንድም ጋሼ፣ እንደተፈለገ የሚረዝምና የሚያጥር ክንድ ልሥራላት?»

«ሚሊ ተናገረ» አለ አለቃ። «እስቲ ሰማዩን እዩልኝ፣ ሊዘንብ ይሆናል።»

ብየዳው ሳቀ። ባለመኪናውም ሰው ሲስቅ አይቶ ሳቀ።

ሚሊ ከሥር ወጥቶ ቆመ። አንድ ነገር ሊጠይቅ ሲፈልግ እጁን በጨርቅ መጥረግ ልማዱ ነው፤ እጁ ንጹሕ ቢሆንም ይጠርገዋል። የሚጠይቀውን አለቃም ብየዳውም ያውቁታል። አባታቸው ሲሞት ጋራዡን ለታላቁ፣ ቶርኖውን ለታናሹ ብሎ በቃሉ ተናዞ ነበር። አለቃ ግን «ጋራዥ ያለ ቶርኖ ጥርስ የሌለው አፍ ነው» እያለ ቶርኖውን ያዘው። ሚሊ ከዕቃ ማስቀመጫው ጀርባ ባለች ጓዳ ያድራል፣ ከወንድሙ ቤት የተረፈውን ይበላል። አሁን ከመንገዱ ማዶ ለቶርኖው የምትበቃ አንዲት ክፍል አግኝቷል። ባለቤቷ ሴትዮ ቁልፉን ለሌላ ሰው ሳትሰጥ እየጠበቀችው ነው።

«ከሠራሁ በኋላ...» አለ ሚሊ።

«ዐወቅሁት፣ ዐወቅሁት» አለ አለቃ። ባለመኪናው ፊት ቸር ሆኖ መታየት ደስ አለው። «እነዚህን ክንዶች ሠርተህ፣ መኪናዋ ያለ እንከን ከሄደች፣ ቶርኖህን ይዘህ ውጣ። ብየዳው ምስክር ነው።»

«ምስክር ነኝ» አለ ብየዳው።

ሚሊ መጀመሪያ ያደረገው ወለሉን መጥረግ ነው። መኪናዋን እኩል አስቁሞ ከጎማው መሐልና ከሻንሲው ላይ ቱምቢ አወረደ፤ ቱምቢው ያረፈበትን ሁሉ በጠመኔ ነጥብ አደረገ። መኪናዋን ሲያስወጣት ወለሉ ላይ የቀረው የነጥብ ዝርግ ነው። በዚያ ላይ ተንበርክኮ ካርቶን እየቆረጠ የክንዱን ቅርጽ አወጣ። መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ጎማው ክንዱን እንዳይነካ ካርቶኑን ደጋግሞ ሸረፈው። አንዱን ካርቶን ቡና ቤት የሚላላክ ሰው ረገጠበትና እንደገና ጀመረ።

አለቃ እያለፈ «ጫማ ነው የምትሰፋላት?» ይለው ነበር።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ወፍራም ቱቦ አለ። በሁለቱም ጫፉ ብሎን ይገባበታል፤ አንደኛው ብሎን በሻንሲው በኩል፣ ሌላኛው በጎማው በኩል ይታሰራል። የአንዱ ጫፍ ጥርስ ቀኝ ዞሮ የሚጠብቅ፣ የሌላው ግራ ዞሮ የሚጠብቅ ነው። ስለዚህ ምንም ሳይፈታ ቱቦውን ብቻ በቁልፍ ሲያዞሩት ሁለቱም ብሎኖች አብረው ይወጣሉ ወይም አብረው ይገባሉ፤ ክንዱም ይረዝማል ወይም ያጥራል። ፍሬን ሲያዝ ጎማው ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ከፊት ለፊት ሌላ ቀጭን ዘንግ ጨመረበት። የግራውን ጥርስ ቶርኖው ላይ ሲያወጣ ትንፋሹን ይዞ ነበር የሚሠራው። ብየዳው በበሩ እያየው «ይሄ ሰውዬ ከሴት ጋር እንኳ እንዲህ ተጠንቅቆ አያወራም» አለ።

«ከማን ጋር አውርቶ ያውቃልና» አለ አለቃ።

አደጋው ያለው ብሎኑ ብዙ ሲወጣ ነው። ቱቦው ውስጥ የሚቀረው ጥርስ ካነሰ የመኪናዋን ክብደት አይችልም። ከውጭ ደግሞ ምን ያህል እንደቀረ አይታይም። ስለዚህ ሚሊ በእያንዳንዱ ቱቦ ጫፍ አጠገብ አንድ ትንሽ ቀዳዳ በሳ። ቀጭን ሽቦ ሲከቱበት ብሎኑ ላይ ከቆመ መልካም ነው። ሽቦው ማዶ ድረስ ካለፈ ብሎኑ ከቀዳዳው ወዲህ ወጥቷል ማለት ነው፤ መኪናዋ መንገድ ላይ መውጣት የለባትም።

ይህን ለወንድሙ በሽቦ እያሳየ ሲያስረዳው ባለመኪናውም መጥቶ ነበር።

«ዋሽንት ነው እንዴ የሠራህልኝ?» አለ አለቃ።

«ማያ ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

ልጁ ቱቦውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። «ያስጠላል። ሰው የተበሳሳ ዕቃ ገጥሞ ይሄዳል ይለኛል።»

«ሰማህ?» አለ አለቃ። «ብየዳው፣ ድፈንልኝ።»

«ከተደፈነ ውስጡን በምን እናያለን?» አለ ሚሊ።

«አንተ እያለህ? ዓይንህ ራሱ ሚሊሜትር አይደል።»

ብየዳው ወደ ሚሊ አየ፤ ከዚያ ጭምብሉን ፊቱ ላይ ጣለና ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ደፈነ። ሞርዶ፣ ጥቁር ቀለም ቀባበት። ጥሩ ሠራተኛ ነው፤ ቀዳዳ የነበረበት ቦታ በእጅ ሲዳሰስ እንኳ አይታወቅም ነበር።

ቅዳሜ ክንዶቹ ተገጠሙ። ሚሊ ራሱ ለካ፣ ራሱ አጠበቀ። መኪናዋ ከክሪክ ላይ ስትወርድ ጎማዎቹ ከመከላከያው ጋር እኩል ሆነው ቆሙ፤ መሪው ሲዞር የሚነካቸው የለም። ሚሊ አንድ ጊዜ ዞራት፤ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ታየ፤ ፈገግታ ለማለት ያስቸግራል። ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ክፍል በር በዓይኑ ፈለገ።

ባለመኪናው ቁጢጥ ብሎ አየ።

«አልወጣም» አለ።

«እኩል ነው» አለ ሚሊ።

«እኩል መች አልኩ? አንፈራጣ አልኩ እንጂ።»

አለቃ ክሪኩን መልሶ አስገባና ቁልፉን ከሚሊ እጅ ወሰደ። የቀኙን ቱቦ ማዞር ጀመረ። ብሎኑ ከቱቦው እየወጣ፣ ዘይት የነካው አዲስ ጥርሱ እያብለጨለጨ ረዘመ።

«ይበቃል» አለ ሚሊ።

አለቃ አዞረ።

«ወንድም ጋሼ፣ ውስጥ የቀረው ጥቂት ጥርስ ነው» ብሎ ሚሊ ክንዱን ያዘው።

«የኔን ክንድ እንዳትነካ። ያንተንም ጥርስ አወልቀዋለሁ።»

ባለመኪናው ሳቀ። ብየዳው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሞ ሁሉንም ያያል። አለቃ ግራውንም ወደ ውጭ አወጣው፤ የቀኙ ግን ባለመኪናው በዚያ በኩል ስለቆመ ከግራው ይበልጥ ወጥቶ ነበር። ቱቦው እንዳይዞር የሚይዙትን ዳዶዎች አጠበቀና መኪናዋን አወረዳት። አሁን እውነትም አንፈራጣ ቆመች። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳት።

«የሠራው ይቀመጥ» አለ አለቃ።

ይህ የአባታቸው ደንብ ነው። አዲስ ዕቃ የሠራ ሰው፣ መኪናው መጀመሪያ ሲወጣ ውስጡ አብሮ ይቀመጣል። «የሠራው ካልተቀመጠበት የገዛው ለምን ይቀመጥበታል» ይል ነበር አባታቸው። በእሱ ዘመን ማንም ሰው የቸኮለበትን ሥራ ይዞ አይወጣም ነበር። ደንቡ ከአባታቸው ለአለቃ ያለፈው ከጋራዡ ጋር ነው።

«እቀመጣለሁ» አለ ሚሊ። «አንዴ ብቻ መልሼ ላስገባው፤ ከዚያ እቀመጣለሁ።»

«ትመልሰውና ልጁ ገንዘቡን ይዞ ወደ ሌላ ጋራዥ ይሂድ፤ እሱን ነው የምትፈልገው።» አለቃ ድምፁን አልጨመረም። «ወይ አሁን ትቀመጣለህ፣ ወይ ቶርኖውን ትረሳለህ። ለሴትዮዋም ክፍላቸውን ያከራዩ ብዬ ዛሬውኑ እነግርልሃለሁ። እሺ በል።»

ሚሊ እጁን በጨርቅ ጠረገ። እስከ መታጠፊያው ሄዶ መመለስ ነው ብሎ አሰበ። ቀስ ተብሎ ከተነዳ ጥቂት ጥርስም ቢሆን ይይዛል። ባለመኪናው ሳያይ ማታ ክንዱን አስገባዋለሁ፣ ከዚያ ቶርኖውን እፈታለሁ። በሩን ከፍቶ በቀኝ በኩል ተቀመጠ።

ባለመኪናው መታጠፊያው ጋ ቀድሞ ሄዶ ስልኩን ደግኖ ቆመ። አለቃ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነዳ። መሪው ቀጥ ብሎ ሲሄድለት ተደሰተ።

«ይኸው፤ ምን ሆነች?»

«ምንም። ቀስ በል ብቻ።»

«ሚሊ፣ አስከሬን አይደለም የምንሸኘው» አለና ነዳጁን ረገጠ።

መጋዘኖቹ በመስኮቱ ሸሹ። መታጠፊያው ላይ ባለመኪናው እጁን እያወናጨፈ «ጨምር» ሲል ታየ፤ አለቃ መሪውን በአንድ እጁ ጠመዘዘ። የመኪናዋ ክብደት ሁሉ ወደ ቀኙ ጎማ ሄደ። ከሥር አንድ አጭር ድምፅ ተሰማ፣ ክዳን ሲፈናጠር እንደሚሰማው። የቀኙ ጎማ ወደ ውጭ ተጋደመ። መኪናዋ በአፍንጫዋ አስፋልቱን እየፋቀች ሄዳ የሲሚንቶ ምሰሶ ላይ በቀኝ ጎኗ አረፈች።

አለቃ በራሱ በር ወረደ። ደም እንኳ አልነካውም። መኪናዋን ዞሮ ወደ ሚሊ በር ሳይሆን ወደ ጎማው ሄደና ተንበረከከ። ቱቦው አንድ ጫፉ ባዶ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ብሎኑ ሳይሰበር ሳይጣመም ከቱቦው ወጥቶ ከጎማው ጋር ቀርቷል። ትንሽ አየውና ተነሣ። ባለመኪናው እየሮጠ መጣ።

«በስቶት ነው» አለው አለቃ። «ብረት አይበሳም እያልኩት። ቀዳዳው ነው የለቀቀው።»

ልጁ ጎማውን አየ፣ አለቃን አየ። ወደ ውጭ አውጡልኝ ያለው ራሱ ነው። «አዎ» አለ። «የበሳው ቦታ ይሆናል።»

ሚሊ ይህን ሁሉ ይሰማል። ጉልበቱ በበሩና በዳሽቦርዱ መካከል ተይዟል። ብየዳው የብረት መቁረጫውን ይዞ በሩጫ ሲደርስ፣ ሚሊ መጀመሪያ ያለው ስለ እግሩ አልነበረም።

«ብሎኑን እየው።»

«አይቼዋለሁ» አለ ብየዳው። «አሁን ዝም በል፤ እግርህን ላውጣ።»

በሩን ቆርጦ እግሩን አወጣለት። ወደ ሐኪም ቤት ሲወስዱትም ጭንቅላቱን ደግፎ የያዘው ብየዳው ነው።

አደጋውን ሊመዘግብ የመጣው ትራፊክ ፖሊስ የተነቀለውን ዕቃ ሰኞ አያለሁ ብሎ ነበር። እሑድ ጋራዡ ዝግ ነው። አለቃ ብየዳውን አስጠርቶ የብረቱን በር ከውስጥ ቀረቀረ። ክንዱ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል።

«ቀዳዳው የነበረበትን ታውቀዋለህ?»

«እኔ አይደለሁ የደፈንኩት።»

«እንግዲያው እዚያ ጋ ቁረጠው። ከዚያ በመዶሻ ጫፉን አጣመው፤ የተሰበረ ይምሰል።»

ብየዳው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ክንድ በእጁ አልነካውም።

«አለቃ፣ ሚሊ ወንድምህ ነው።»

«ወንድሜ መሆኑን ከአንተ ልማር?» አለ አለቃ። «እሱ አስታማሚ አለው። እኔ ከታሰርኩ ጋራዡ ይዘጋል። ያኔ አንተ ማን ቤት ትበይዳለህ? ልጆችህስ?» ወደ ጥጉ በእጁ አመለከተ። «ያንን ውሰደው። ቶርኖውን። ለሱ ከእንግዲህ ምን ያደርግለታል፤ ቶርኖ ቆሞ ለሚሠራ ሰው ነው።»

«ቶርኖ አልችልም።»

«ትማራለህ።»

ብየዳው መነጽሩን አደረገ። መቁረጫውን አስነሥቶ ቀዳዳው የነበረበት ላይ አሳረፈው።

ሐኪሙ የሚሊ ጉልበት ከእንግዲህ እንደማይታጠፍ፣ ብዙ መቆምም እንደማይችል ነገራቸው። እናታቸው ከአልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ የጣቶቹን ጥፍር ከግራሶው ቅባት ታጸዳለታለች። አለቃ ብርቱካን ይዞ መጣ። ትራፊኩ አይቶ የመለሰለትን ክንድ በጋዜጣ ጠቅልሎ አምጥቶ ለእናታቸው ሰጣት፤ ማስረጃው ቃሉ ብቻ እንዳይሆን ብሎ።

«የኔ አባት» አለች እናታቸው፣ ቁራጩን ለሚሊ እያሳየችው። «ብረት ይበሳል? ወንድምህ እየነገረህ?»

ሚሊ ቁራጩን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ጫፉ ተጣሟል። ከተጣመመው ሥር ግን የመቁረጫው ጥርብ እንደ ማበጠሪያ መስመር ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ዳሩም ተቃጥሎ ሰማያዊ ሆኗል። ብየዳው ሲቆርጥ እጁ ወደ ግራ ይጋደላል። ይህም ወደ ግራ ተጋድሟል።

«እማ፣ ይሄ አልተሰበረም። ተቆርጧል።»

አለቃ ብርቱካን እየላጠ ነበር። «ሐኪሙ መድኃኒቱ ያስቃዣል ብሏል» አለ።

«ብሎኑ ነው የወጣው። ወንድም ጋሼ አወጣው። ብየዳውን ጠይቂው፤ አጠገባችን ነበር።»

እናትየው ሁለቱን አየቻቸው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል፤ እሷ ግን የትኛውን ቀለም ማመን እንዳለባት አላወቀችም። ብየዳው እንዲመጣ ላከችበት።

በማግሥቱ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። አለቃ መስኮቱ ጋ ነበር።

«ና ግባ ልጄ» አለች። «ቅዳሜ አብረህ ነበርክ አሉኝ። ያየኸውን ንገረኝ። ለኔ ብለህ አትዋሽ።»

ሚሊ ከትራሱ ቀና አለ። ብየዳው ኮፍያውን አዞረው፣ መልሶ አዞረው።

«ጭምብል አድርጌ ነበር እማማ» አለ። «ሥራ ላይ ነበርኩ። ምንም አላየሁም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

እናትየው ተነፈሰች። እፎይታ ይመስል ነበር። አለቃ የላጠውን ብርቱካን ለብየዳው ሰጠው፤ ብየዳውም ተቀብሎ ሳይበላው ይዞት ወጣ።

«ቶርኖውስ?» አለ ሚሊ።

«ምን ያህል ክፉ ሆኖ አደገ ይሄ ልጅ» አለች እናቱ። «ወንድምህን በሐሰት ከሰህ፣ አሁን ደግሞ ስለ ዕቃ ትጠይቃለህ? ተኛ በቃ።»

ሚሊ ተኛ።

ሲሻለው ወደ ጓዳዋ ተመለሰ። ሌላ የሚሄድበት አልነበረውም። አለቃ በር ላይ ወንበር አስቀመጠለት፤ ደንበኛ ሲመጣ «አለቃ አለ፣ ግቡ» እንዲል ነው። የቀይዋ መኪና ፎቶ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ኖሮ፣ እንደሷ ያለ ክንድ ይሠራልን የሚሉ ሁለት ጎረምሶች መጡ። አለቃ እሺ አላቸው።

ብየዳው ቶርኖው ላይ ቆመ። የቀኙን ጥርስ እንደምንም አወጣው። የግራው ግን አልሆነለትም። ማርሹን ሲያስገድደው የቶርኖው ሆድ ውስጥ ብረት ብረትን ሲበላ እስከ ውጭ ተሰማ። ሚሊ ወንበሩ ላይ ሆኖ ዓይኑን ጨፈነ። ድምፁ ተደገመ።

ብየዳው እጁን እየጠረገ መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«የግራው ጥርስ እምቢ አለኝ» አለ ብየዳው።

ሚሊ ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ክፍል ተመለከተ።

«እንዲህ ከቀጠልኩ እሰብረዋለሁ። ያባትህ ዕቃ ነው ብዬ ነው።»

አለቃ ከውስጥ «ምን ትለማመጠዋለህ? ለሚበላው እንጀራ ያሳይህ» አለ።

ሚሊ ምርኩዙን አንሥቶ ቆመ። እየጎተተ ሄዶ ከቶርኖው አጠገብ ደረሰ፣ የትኛው ማርሽ ከየትኛው ጋር እንደሚለዋወጥ በጣቱ አሳየው። ብየዳው ሲሳሳት እጁን ይዞ ወደ ትክክለኛው ቦታ መለሰለት። ጥርሱ ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

ብየዳው ቶርኖውን በዚያው ሳምንት በጭነት መኪና አስጭኖ ወደ ቤቱ ወሰደው።